ሀይማኖት የበላችው የጾም ሽሮ

ይድረስ ለእኅቴ ለደጊቱ፣ ሐዋሳ

እታለም፣ ሰላምሽ እንደምን ነው? ጤናሽስ? የፋብሪካው ሥራ እንዴት ይዞሻል? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አባባ ደህና ነው፤ ዘንገና ወርዶ ውቂያ ላይ ነው። እኔም ደህና ነኝ።

እሑድ ስትደውዪ «ደህና ናት» ያልኩሽ እኅታችን ሀይማኖት ሆስፒታል አጠገቤ ተኝታ ስለምትሰማኝ ነው። ደህና አይደለችም። የእንቅርቱን ኦፕራሲዮን ካደረገች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ከአንገቷ የወጣው ቱቦ ግን ነጭ ፈሳሽ ያወርዳል፤ ወተት ነው የምትዪው። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ የምንበላውን ስብ ወደ ደም የሚወስድ ቀጭን መስመር አንገት ሥር አለ፤ እሱ ነው የሚያፈሰው። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ቅባት ካልበላች ራሱ ሊደፈን ይችላል አለኝ። ሀይማኖት ደግሞ «ጥገት ሆኛለሁ፣ ለአባባ ንገሩልኝ» ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

ፈሳሹ በቀን ከሦስት መቶ ሚሊ ወደ መቶ ሃያ ወርዶ ነበር። ማክሰኞ ካረፍኩበት ቤት ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩላት። ቅባት ማለት ቅቤና ወተት ብቻ መስሎኝ፣ ጾም ነው፣ ምን አለበት ብዬ የኑግ ዘይቱን እንደ እማዬ ለቀቅ አደረግሁበት። ከስንት ቀን በኋላ ጠርጋ በላች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በማግስቱ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ከረጢት ነጭ ሆኖ ሞልቶ ተገኘ። ስድስት መቶ። ሐኪሙ «ማነው ያበላት?» ብሎ እኔ ላይ ሲቆጣ፣ እሷ «እኔ ነኝ ያስመጣሁት፣ እሱን ተዉት» አለች። አላስመጣችም እኮ እታለም።

አሁን አንገቷን በፋሻ ጠበቅ አድርገው አሥረውታል። እስከ ሰኞ ካልቀነሰ እንደገና ይከፈታል ተብሏል። ያለ ዘይት የሠራሁት አልዋጥ አላት፤ ክንዷ ቀጥኖ የእኔ እጅ ይዞረዋል። ከትምህርት ቤት ቀርቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ከመቀመጥ በቀር የማደርገው የለኝም። እማዬ ካረፈች አምስት ወሯ ነው፤ እኔ ግን ሽንኩርት ስከትፍ አሁንም ልጠራት አፌን እከፍታለሁ።

ሀይማኖት ናፍቀሽኛል ብላሻለች። ለባልሽ ለምንይችል ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትንሹን ልጅሽን ወገኔን ጉንጩን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ከሐዋሳ ሊጠይቀን የመጣው ይሄይስ ነገ ወደዚያ ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል።

እንደደረሰሽ ደውዪና አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እማዬ ዘይት ሲያልቅባት የምትሠራው ሽሮ ነበር፤ ይጣፍጥ ነበር። ምን ነበር የምትጨምርበት?

ወንድምሽ ፀጋው
እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.