ምልክቱ አረንጓዴ ነው

ለተከበሩ የምግብ ብክነትና የላስቲክ ቅነሳ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም የተሟላ ጤና፣ በተለይም የማይታወክ ሆድ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ የሆድ ሕመም ሰውን ምን እንደሚያደርግ ሰሞኑን አይቻለሁና።

እኔ በአንድ የሕፃናት ማቆያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያበሰልኩ፣ በየቀኑ ለአርባ ሦስት ልጆች ምሳ የማቀርብ ሴት ነኝ። ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ፊደሌን የሚያጣምመው ፍርሃት ነው እንጂ እርጅና አይደለም።

አንደኛ፦ ላስቲክ አስቀርተው ከበቆሎ ዱቄት የተሠራና አፈር ውስጥ የሚበሰብስ መጠቅለያ ስላመጡልን እጅግ አመሰግናለሁ። ከጓሯችን ያለው ቦይ በፌስታል እየታፈነ በየክረምቱ ወጥ ቤቴ ድረስ ይገባ የነበረው ጎርፍ ዘንድሮ ቀርቷል፤ ይህን የምለው ያለ አንዳች ሽሙጥ ነው። አብሮት የመጣው ሳንቲም የሚያህል ምልክትም ምግብ ሲበላሽ የሚወጣውን ሽታ አግኝቶ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ስለሚለወጥ፣ ደህናው ምግብ ቀኑ አለፈ ተብሎ እንዳይጣል ያደርጋል ተብለናል። ያሰበውን ሰው እጁን ይባርከው።

ሁለተኛ፦ ምልክቱ አረንጓዴ የሆነ ምግብ እንዳይጣል፣ በማሽተት መወሰንም እንዲቀር የሚያዘው መመሪያዎ ደርሶኝ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል አውቅ ነበር፤ ወተትም በዓይን እንደሚጠጣ ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። የሸተተኝን ወተት ሁለት ጊዜ በመድፋቴ ሁለት ማስጠንቀቂያ የተጻፈልኝ ሲሆን ሦስተኛው ስንብት ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ፈራሁ። አዎ፣ ፈራሁ።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት ዶሮውን ስከፍት ሸተተኝ። አብራኝ የምታበስለው እህቴ ይቅርብን ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ግን አረንጓዴውን ምልክት አሳይቼ ዝም አሰኘኋት። ደጋግሜ ቀቀልኩት፣ ሎሚ ጨመርኩበት፣ አቀረብኩት። አሥራ አንድ ልጆች ታመሙ። አሥሩ በሦስት ቀን ተነሡልን፤ የዘበኛችን ልጅ ግን፣ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ይህን ስጽፍም ጉሉኮስ ተተክሎላት ሆስፒታል ተኝታለች። አባቷ ዛሬም በሩን ከፍቶልኝ ደህና አደርሽ ወይ አለኝ፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብዬ እንዳላማርር፣ ያበሰለው የእኔው እጅ ነው። የላኩልን አጣሪ ደግሞ መጠቅለያዎቹን ከቆሻሻ ለቅሞ ካየ በኋላ፣ ምልክቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ስለሆኑ ምግቡ ንጹሕ ነበር ብሎ በማኅተም አረጋግጦልናል። ይህንን ለልጅቷ ሆድ የሚያስረዳልን ባለሙያ ቢመድቡልን ውለታዎን አንረሳም።

አራተኛ፦ ልጆቹ ከታመሙ በኋላ ወጥ ቤቱን ዓይን በሚያስለቅስ የአሞኒያ ማጽጃ ስፈገፍግ፣ ገና ያን ዕለት የገባው ትኩስ ዓሣ ላይ ያሉት ምልክቶች በሙሉ ዓይኔ እያየ ቀሉ። ጉድ! አንዱን ጥቅል አገላብጬ ሳየው ምልክቱ የተለጠፈው በውጭ በኩል ነው፤ ለካ የሚያሸተው ዓሣውን ሳይሆን ወጥ ቤቴን ኖሯል። ምግቡን የሚያሽጉልን ቤት ሄጄ ሠራተኞቹን ብጠይቅ፣ ምልክቱ መጀመሪያ ከውስጥ ይለጠፍ እንደነበረ፣ አዲሱ መጠቅለያ ደብዛዛ ስለሆነና ለተቆጣጣሪዎችዎ ስላልታየ ግን ወደ ውጭ ይውጣ ተብሎ በእርስዎ ፊርማ እንደታዘዘ ደብዳቤውን አውጥተው አሳዩኝ። ተቆጣጣሪ እንዲያየው ተብሎ ምግቡን እንዳያይ የተደረገ ምልክት በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። መጠቅለያው ላይ ጣት የምታህል ውስጡን የምታሳይ መስኮት ተትታ ምልክቱ ወደ ውስጥ ቢመለስ ሁሉም ይስተካከል ነበር። ይህንኑ ልነግርዎ አራት ጊዜ ብደውል ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ።

የነገው ዶሮ ገብቷል። ጥቅሉ እንደ ኳስ ተነፍቷል፣ ምልክቱ አረንጓዴ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉታል እንዲህ ያለውን ነው። ባበስለው ልጆቹን እፈራለሁ፤ ብጥለው እርስዎን እፈራለሁ።

መመሪያዎን አንዲት ሳላጎድል የፈጸምኩ፣ በመፈጸሜም እስክሞት የማፍር፣ ታዛዥዎ የማቆያው ወጥ ሠራተኛ።

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ዶሮውን አሁን በሙሉ ጣልኩት፤ ልጆቹ ነገ ዳቦና እንቁላል ይበላሉ። ሦስተኛ ጥፋቴ ስለሆነ የስንብት ደብዳቤዬን ለዘበኛው ቢሰጡት ያደርስልኛል። ምግቡ በእርግጥ ተበላሽቶ እንደሆነ የሚያጣራ ሰው የሚልኩ ከሆነም ጓሮ ካለው በርሜል ውስጥ ያገኘዋል፤ የሚልኩት ሰው ግን፣ ስለ ፈጠረዎት፣ አፍንጫ ያለው ይሁን።