ግንባሬና የአዴ አዳነች ቅቤ

ኅዳር 6
ቅዳሜ። ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት አከራዬ አዴ አዳነች እንደ ልማዳቸው አናቴን ቅቤ ቀቡኝ። እግራቸው ሥር ስቀመጥ የማስተምርባት ነቀምቴም ትርቃለች፣ የተወለድኩባት ደብረ ማርቆስም ትርቃለች... እጃቸው ብቻ ይቀራል። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ መሰለኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ቀና በይ" ሲሉኝ ነቃሁ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ኅዳር 9
ግንባሬ ላይ አራት አዲስ ብጉር። ጀርባዬን ሰጥቼ ማስተማር ብችል... መምህራን ክፍል ባልደረባዬ ማስተዋል "ለውዝ ተዪ" አለችኝ። ጨመዳ ደግሞ "እሱ የሚለቅሽ ስታገቢ ነው" ብሎ ሳቀ። አዴ አዳነች ስነግራቸው "ቅባት ነው" ብለው ወጤን ያለ ቅቤ ሠሩልኝ። ፊቴን በልብስ ሳሙና ዛሬ ብቻ አምስቴ ታጠብኩ። ተላጠ እንጂ አልቀነሰም። አፍሬ ነው የምውለው፣ ምን እዋሻለሁ?

ኅዳር 28
ጾሙ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነ። ብጉሩ ግን በዛ።

ታኅሣሥ 2
ክሊኒክ ሄድኩ። ጂሬኛ የሚባል ነርስ አየኝ። "ለውዙም፣ ቆሻሻም፣ አለማግባቱም አይደለም። የቆዳሽ ወዝ ቀዳዳውን ሲደፍነው ነው። አትፈትጊው።" ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረው። "ጉንጭሽ ደህና ነው። ግንባርሽ ብቻ... ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ?"

ሳቄ መጣ። አፌን ከቅቤ አስጹሜ አናቴን በየቅዳሜው ሳበላው ነበር። ፀሐይ ላይ ስሄድ ቀልጦ የሚወርደው ግንባሬ ላይ ነው።

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? በዚህ አገር እንደ ልጅ የሚነካኝ እጅ የእሳቸው ብቻ ነው። እሱን ከማጣ ብጉሩ ይሻለኛል ብዬም አሰብኩ...

ታኅሣሥ 4
ነገርኳቸው። "የእኔ ቅቤ?" አሉ። ዕቃውን ከድነው ገቡ።

ታኅሣሥ 5
ለቡናም አልጠሩኝም። ተቀየሙኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 7
ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ። "ለዱረቲ ደውዪልኝ።" እዚሁ አቅራቢያ ዲጋ ወረዳ ያገባች ልጃቸው ናት። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፣ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁና ገባኝ።

"ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ፊትሽ ላይ ሲወጣብሽ ቅቤና ሥጋ ከለከልኩሽ። ወንድሞችሽ ሲበሉ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። ወንድ አስበሽ ነው ብዬም ተቆጣሁሽ። አናትሽን የምቀባው ደግሞ እኔው..."

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ዱረቲ እናቷን "አዮ፣ ዛሬም ቅቤ ስበላ በር እዘጋለሁ እኮ" አለቻቸው።

እናትየው አለቀሱ። ለካ የተቀየሙት እኔን አልነበረም።

ታኅሣሥ 18
ብጉሩ አልጠፋም። አዲስ ግን አልወጣም።

ዱረቲ ከዲጋ መጣች። ከሰዓት አዴ አዳነች ማበጠሪያ ብቻ ይዘው ጠሩኝ። በደረቁ አበጠሩኝ፣ ቀስ እያሉ... ዓይኔን ጨፈንኩ። ዱረቲ ከላዬ ቆማ "በቃሽ፣ ተራው የእኔ ነው፣ ተነሽ" አለች፣ ታናሿን እንደምትገፋ እህት።

አልተነሳሁም።