በግቢያችን ዙሪያ የሚበላባቸው ቤቶች

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበቴ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ ብለው ጽፈዋል፤ ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔ እግሬም ዓይኔም ደህና ነው፣ ተመስገን። ዓይኔን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ግቢያችን ሊመለሱ መሆኑን፣ ብሎክ ሦስት ላይ ቤት መከራየትዎን ተረዳሁ። «ማብሰል ሰልችቶኛል። እንደ እህትማማች ወጣ ወጣ እያልን እንበላለን። አሁን በግቢው ዙሪያ የት የት ይበላል? ደብዳቤዬን ለሚያነብልሽ ሰው ንገሪውና ጽፎ ይላክልኝ» ብለዋል። የሚያነብልኝ ሰው ሰላም ብሎዎታል።

ያዘዙኝን ልፈጽም። ከራስዎ ቁርስ ቤት ልጀምር። እርስዎ ሸጠውት ከሄዱ በኋላ ሦስት እጅ ዞረ፤ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። እኔ ሳህን አጥብበት የነበረው ገንዳ ቦታ ላይ አሁን ሰው አፉን ከፍቶ ይጋደማል። አንዴ መንጋጋዬን አሞኝ ገብቼ እዚያው ላይ አስተኙኝ። ሐኪሙ «ምን ያስቅዎታል እናቴ?» አለኝ።

በዋናው በር አጠገብ ኬክ ቤት ተከፍቷል። ኬኩ ይጣፍጣል፣ ቦታው ግን ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። እርስዎ ይህን የሚጠሉ አይመስለኝም።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ደግሞ ሾርባ ቤት አለ። ባለቤቷን ያውቋታል። ራዲዮ እያልን የምንጠራት የእርስዎ ምግብ አብሳይ ናት። ዕድሜዋ ገፋ እንጂ ሥርጭቷ አልተቋረጠም። የአትክልት ሾርባዋ ሰው ያሰልፋል። ሊመጡ መሆኑን ብነግራት ጠረጴዛውን በጭልፋ መታችና «ኧረ በይ! ቧንቧው እንደገና ሊያፈስ ነዋ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔም እንደ ድሮው አብሬ ሳቅሁላት።

ቧንቧውን ያስታውሱታል አይደል? ባለቤቴ፣ ግቢው ሁሉ መፍቻው የሚለው፣ የሕንፃዎቹ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እርስዎ በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ ቢጫ የትዕዛዝ ወረቀት አራት ላይ አጥፈው እጄ ላይ ያኖራሉ። «እህቴ፣ ቧንቧው አፍስሷል። የሚጠገነውን ጽፌለታለሁ፣ ለባልሽ ስጪልኝ» ይሉኛል። ስልክ በየሰዉ ኪስ አልገባም ነበርና ነገሩ ምንም አልከበደኝም። ራዲዮ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ይሄ ቧንቧ ቀን እየጠበቀ ነው እንዴ የሚያፈሰው?» ስትል ኩሽናው በሳቅ ይሞላል። እርስዎም እንባዎን እየጠረጉ «ይቺ ልጅ ፖስታ ቤት ብትቀጠር ያልፍላት ነበር» ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። የሚያስቀውን ሳላውቅ፣ ሳሙና በነካው እጄ አፌን ሸፍኜ እስቅ ነበር። ወረቀቱን ውኃ እንዳይነካው ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው የማደርሰው።

ከዚህ በኋላ አንቺ ልበልሽ። እትዬ የምትልሽ ሳህን አጣቢዋ ነበረች፤ ይህን የምትጽፍልሽ እሷ አይደለችም።

ማንበብ የተማርሁት አንቺ ቤት ነው። ትዕዛዙን ራስሽ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነሽ ትጽፊ ነበር፤ ወረቀቱ ከሳህኑ ሥር ተደርጎ ይወጣል፤ ተበልቶ ሲመለስ ረጥቦ ከሳህኑ ታች ተጣብቆ ይመጣል። ፍቄ ልጥለው እያልሁ ማየት ጀመርሁ። የእንቁላል አስኳል የደረቀበት ሳህን ሥር ያለው ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቀይ ስጎ ያለበት ሥር ሌላ ነው። ማር የነካው ሥር ደግሞ ሌላ፣ አጭር። በስምንት ወር እንቁላል፣ ፓስታ፣ ማር፣ ዳቦ አነብ ነበር። ከዚያ ፊደሎቹን ከየቃሉ እየነቀልሁ ሌላ ቃል መሥራት ጀመርሁ። በጣቴ አረፋው ላይ እጽፍና ሰው ሲመጣ ውኃ እከፍትበታለሁ። ሌላ ሰው ሲጽፍ አይቼ ስለማላውቅ እጄ የያዘው ያንቺን አጻጻፍ ነው። ፖስታውን ስትቀበዪ የራስሽን ጽሑፍ ያየሽ መስሎሽ ሳትደነግጪ አልቀረሽም።

ለማንም አልተናገርሁም። ሐሳቤ አንድ ቀን ባሌን አንድ ደህና ቤት ይዤው ሄጄ፣ ሜኑውን አንስቼ፣ «ምን ላንብብልህ?» ልለው ነበር። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያዝልኝ። እሱ ያዘዘውን እበላለሁ።

አንድ ረቡዕ ቢጫውን ወረቀት ደረጃ ሥር ቆሜ ከፈትሁት። ልለማመድበት ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው። ቧንቧ የሚል ቃል ፈለግሁ፤ የለም። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓሣ ቤት፣ የኋላው ጠረጴዛ። ያቺ ማንበብ አትችል፣ ምን ያስፈራሃል?» ይላል።

ያቺ እኔ ነኝ። እስኪገባኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

በደብዳቤሽ «ነፍሱን ይማረውና መፍቻው ይወደው የነበረው ዓሣ ቤት አሁንም አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አለ። የኋላው ጠረጴዛም አለ፤ መስኮቱ አጠገብ ነው፣ መጋረጃው ተቀይሯል። አዲሱ ባለቤት አጥንቱን በደንብ አያወጣውም፣ ስትበዪ ተጠንቀቂ። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ነው ገብቼ የቀመስሁት። ቤታችን ውስጥ «ዓሣ ይሸተኛል» እያለ አሥራ አንድ ዓመት አላሠራኝም።

ካነበብሁ በኋላም አራት ሳምንት አደረስሁልሽ። ይህን እወቂልኝ። እያንዳንዱን አንብቤ፣ መልሼ በዚያው እጥፋት አጥፌ፣ ደረቴ ውስጥ አድርጌ አደረስሁ። አንቺም ሐሙስ ማታ ስትመለሺ «እህቴ ዛሬ ደከመሽ?» ትዪኛለሽ። አምስተኛው ላይ ግን ካንቺ የትዕዛዝ ደብተር አንድ ባዶ ቢጫ ወረቀት ገንጥዬ ወሰድሁ። ቤት ስደርስ የራሴን ጻፍሁ። በሕይወቴ ለሰው የጻፍሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ የጣሪያው ካፌ» ይላል።

የጣሪያውን ካፌ ረስተሽው አይሆንም። ባለ አሥራ ሁለት ፎቁ ብሎክ አናት ላይ ያለው ነው። ከሁሉም የማዝልሽ እሱን ነው። ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ ሻዩን በብርጭቆ ሳይሆን በትንሽ ማንቆርቆሪያ ያቀርባሉ። ያሰብሁት ቀድሜ ወጥቼ ልቀመጥና አንቺን ፍለጋ ሲመጣ እኔን እንዲያገኝ ነበር። ሜኑውን ይዤ «ምን ላንብብልህ?» ልለው። ሌላ ቃል አልጨምርም ነበር። ፊቱን ብቻ ማየት ፈልጌ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ባለ አሥራ ሁለት ፎቁ ሊፍት ከትናንት ጀምሮ መቆሙን፣ መለዋወጫው ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረኝ። «የጣሪያው ካፌ ሰውዬ እስከ ቅዳሜ ዝንብ ሲያባርር ይውላል» ብሎ ሳቀ። ሐኪም «ልብህ አይችልም፣ ደረጃ ተው» ካለው ገና ሦስት ወሩ ነበር። ላንቺም ሳይነግርሽ አይቀርም። እንዲያውም «ሊፍት ጠጋኝ በደረጃ ከወጣ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ወረቀቱ ያኔ ገና እኔ ዘንድ ነበር።

ጫማውን አስሮ እስኪነሳ ጠበቅሁና «ቧንቧው አፍስሷል አሉህ» ብዬ ሰጠሁት። ዞር ብሎ አነበበው። ተመልሶ ገብቶ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ።

እኔ ራሴ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ልቤም ጤነኛ። መውረድ እችል ነበር። ከታች በሩ ላይ ቆሜ ልመልሰው እችል ነበር። ወጣሁ። ሜኑውን ተቀበልሁ፣ አንድም ቃል አላቃተኝም፣ ሻይ አዘዝሁ። ከእኔ በቀር አንድ ደንበኛ አልነበረም።

አንቺ በዚያን ሰዓት ዓሣ ቤት ነበርሽ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደጠበቅሽ፣ ለሁለት አዘሽ ሳትነኪው እንደወጣሽ አስተናጋጁ ከዓመታት በኋላ አጫውቶኛል።

ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ አልፎ የካፌው ሠራተኛ እየሮጠ ገባና «ዘጠነኛው ፎቅ ደረጃው ላይ ሰው ወድቋል!» አለ። ማን መሆኑን አልጠየቅሁትም። ሻዬ ትኩስ ነበር። ጠጥቼ ጨረስሁት፤ ከዚያ ወረድሁ።

ስደርስ አልቋል። ጥበቃው ነበር ጭንቅላቱን የያዘለት። እስከዚያች ደቂቃ ይናገር እንደነበር ነገረኝ። «እየመጣሁ ነው በሏት» ማለቱን ነገረኝ።

የሐዘን ቤቱ በዚያ ቃል ተሞላ። ሊፍቱን ሊጠግን ወጥቶ፣ በሥራው ላይ ሳለ፣ ሚስቱን እያሰበ ሞተ ተባለ። የመሣሪያ ሣጥኑ ታች በር ላይ መቅረቱን የጠየቀ የለም። ነጩን ሸሚዝ የጠየቀ የለም። የሸሚዙን ኪስ እኔ ራሴ ነኝ ባዶ ያደረግሁት። አንቺ መጣሽ፣ ፊትሽ አብጦ፣ አንገቴን አቅፈሽ በጆሮዬ «ታድለሽ። የመጨረሻ ቃሉ ያንቺ ሆነ» አልሽኝ። ቀጥሮሽ ቀርቶ በመጨረሻው ወደ ሚስቱ የተመለሰ መስሎሽ እንደነበር አየሁ። አንዲት ቃል ብናገር ትድኚ ነበር። አልተናገርሁም። በወሩ ሸጠሽ ሄድሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ነበር ደስታዬ፤ አንቺ የትም ብትበዪ ያ ቃል ጉሮሮሽ ላይ እንደሚቆም ማሰብ።

አሁን ግን በደብዳቤሽ መጨረሻ «በእርጅናዬ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሰላም አግኝቻለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ማንን ይቅር እንዳልሽ አልጠቀስሽም፣ የሚያነብልኝ ሰው እንዳይገባው። እኔ ገብቶኛል። እሱን ይቅር ብለሽው፣ ሰላምሽን ይዘሽ፣ በእኔ ግቢ፣ በእኔ መስኮት ሥር ዓሣ ልትበዪ ነው።

ስለዚህ ያልደረሰውን አደርስልሻለሁ። በዚህ ፖስታ ውስጥ ሁለት ቢጫ ወረቀት አለ። አንደኛው አንቺ ለዚያ ሐሙስ የጻፍሽው ነው፤ ሳይነካካ አለ። ሁለተኛው ከሸሚዙ ኪስ የወጣው ነው። ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው፤ እጅ ጽሑፋቸውን ራስሽም አትለዪውም። እሱም አልለየውም። ቀጥሮሽ አልቀረም። አንቺ ጠራሽኝ ብሎ ነው የወጣው። «በሏት» ያለው አንቺን ነው። ቃሉ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው፤ ይቅር የምትዪው አጥፊም አልነበረሽም። እኔን ይቅር ትዪኝ እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም።

ቀጠሯችን የጣሪያው ካፌ ይሁን። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ በየሳምንቱ ሐሙስ አልቀርም፤ የሚያውቁኝ አስተናጋጆች ሻዩን ሳላዝዝ ያመጡልኛል፣ ሳልጠጣው ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሊፍቱ ተቀይሯል፣ እንደ ነፋስ ነው የሚያወጣው። እኔ በደረጃው ነው የምወጣው። ዘጠነኛው ላይ እቆማለሁ፣ ከዚያ የቀረውን እወጣለሁ። ጉልበትሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁና በየትኛው መምጣት እንዳለብሽ አልነግርሽም።

ዕድሜ ይስጥሽ። ከልቤ ነው የምመርቅሽ፤ ረጅም ዕድሜ፣ ከነማስታወሱ ይስጥሽ። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ይህንንም ደጋግመሽ የምታነቢበት ይሁን።

መልእክትሽን ታደርስልሽ የነበረች
እህትሽ