ጸጋን አስታርቃችሁ ለመለሳችኋት ሽማግሌዎቻችን

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ቦርድ
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

በጌታ የተወደዳችሁ አባቶቼና ወንድሞቼ፣ ጤናችሁ እንዴት ሰነበተ? የሰብሳቢያችን የጋሽ እንድሪያስ ጉልበት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንደተሻላቸው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ለስድስት ዓመት የቦርዳችሁን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርኩት ሰብለወርቅ ነኝ። በስብሰባችሁ ላይ አንድም ቀን ተናግሬ ስለማላውቅ ድምፄን ላትለዩት ትችላላችሁ። ዛሬ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ነው።

አንደኛ፣ ጸጋን ስላመጣችሁልን አመሰግናለሁ። በተወለደችበት መንደር ወንጌል አማኝ የነበሩት አሥራ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንደሆኑ፣ ጎረቤት ከምንጩ ውኃ እንዳይቀዱ እንደከለከላቸው፣ ለአባቷ መቀበሪያ እንኳ እንደተነፈጉ የቦርዳችሁ አባል ወንድም ነጋሽ በመድረክ ሲነግሩን ያላለቀሰ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ፕሌኖ ወዳለው ቤታቸው ሲያመጧት ደግሞ፣ በእናንተ ፊት እጇን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስጭነው ሰባት ዓመት እንድታገለግላቸው ቃል አስገቧት። እግዚአብሔር በእኛ እጅ አዳነሽ ሲሏት አሜን አለች፤ እኛም አሜን አልን። ፓስፖርቷም እንዳይጠፋባት በማለት እሳቸው ዘንድ ተቀመጠ።

ሁለተኛ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ፍራሽ እንደተነጠፈላት፣ ስልክ እንደተከለከለች፣ ግራ ክንዷ ላይ በካውያ የተተኮሰ ጠባሳ እንዳለ የነገረችኝ የራሳቸው የወንድም ነጋሽ ልጅ ናኦሚ ናት። ዴንተን ኮሌጅ የምትማረውን ልጅ ታውቋታላችሁ። «አንቲ ሰብሊ፣ ማለቴ፣ ዳዲ እሷ እንዳትወጣ በሩን ከውጭ ሎክ ያደርጋል፤ ዲስ ኢዝ ኖት ኦኬ» ብላ ጻፈችልኝ። ይህች አማርኛዋ ግማሽ የሆነ ልጅ ያየችውን እናንተ ስላላያችሁት፣ ዐይናችሁን እግዚአብሔር እንዲጠብቅላችሁ እጸልያለሁ። አልፎ አልፎ ብትጠቀሙበትም አይከፋም።

ሦስተኛ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት ጸጋ የቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረገች አምልጣ፣ ናኦሚ በደበቀችላት የባቡር ካርድ ኧርቪንግ ድረስ መጣች። በዚህ አገር ከእኛ በቀር የምታውቀው ቦታ አልነበራትም። ፖሊስ መጥራት የምእመናንን ገመና ማውጣት ነው ብላችሁ ሽማግሌ ተቀመጣችሁ፤ በአራት ሰዓት ውስጥም አስታረቃችኋት። የተበደለችው እሷ ሆና ሳለ ይቅርታ ጠየቀች፣ የወንድም ነጋሽን ጉልበት ሳመች፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሻይ ተጠጣ፣ በመኪናቸው ይዘዋት ሄዱ። መኪናው ውስጥ ስትገባ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ቃለ ጉባኤውን እያጠናቀቅኩ ነበር። «ጉዳዩ በፍቅር ተፈጽሟል» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያንገበግበኛል፤ አፍሬበታለሁ።

አራተኛ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ጸጋን ያያት የለም። አምስት እሑድ ሙሉ ትንሽ አሟታል፣ በጸሎት አስቧት ተባልን። ባለፈው ቅዳሜ ናኦሚ ከዴንተን ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ፍራሹ ተነሥቶ፣ ወለሉ ታጥቦ ጠበቃት። አባቷን ብትጠይቃቸው ሌላ ስቴት ዘመድ ጋ ሄዳለች አሏት። ጸጋ በዚህ አገር ዘመድ የላትም። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ።

ቃለ ጉባኤውን ለእርማት እንድመልስ በዚያ በለሰለሰ ደብዳቤያችሁ ስለጠየቃችሁኝም አመሰግናለሁ። አልሆነልኝም እንጂ ብታዘዝ ደስ ባለኝ። ማክሰኞ ዕለት ለፖሊስ መርማሪ አስረክቤዋለሁ። የሁላችሁም ፊርማ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የእኔም ከሥሩ አለ።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ሁሉን ሰምታ ዝም ብላ የጻፈችላችሁ፣

ሰብለወርቅ አየለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መርማሪዋ አማርኛ ስለማታውቅ ናኦሚ አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዱን መስመር ተረጎመችላት። የእርቁ ጸሎት ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ልጅቷ አሁን የት ናት ብላ ጠየቀችን። ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ልትጠይቃችሁ ቢሯችሁ ትመጣለች፤ እባካችሁ ለእሷ እንኳ በጸሎት አስቧት እንዳትሏት።