ማሽኑ ያልጠራት ምራት

ለ«ጉራንስ» ነጻ ፕሮግራም አዘጋጆች ጉባኤ፣
ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ኑቼ ባጅራቻርያ፣
ፓታን

ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ዓይናችሁን ከኮምፒዩተሩ ብርሃን፣ ወገባችሁንም ከወንበሩ ይጠብቅልን። እኛ የቱሎዳንዳ ጤና ኬላ ሰዎች፣ ዝናቡ ካመጣብን ጭቃና እናንተ ካመጣችሁብን ዝምታ በቀር ደህና ነን።

ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ያለ አንዳች ክፍያ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ የሠራችሁት ፕሮግራም ነፍሰ ጡሮቻችንን በየቀጠሯቸው በስልክ መልእክት እየጠራ ዓመታት አገልግሎናል። በነጻ ያገኘሁትን ነገር የማማረር መብት እንደሌለኝም አውቃለሁ፤ የጨነቀኝ እሱ ነው፤ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ እከስሳችሁ ነበር።

አንደኛ። የእኛ የኔፓል ወር አንዱን ዓመት ሠላሳ አንድ፣ ሌላውን ዓመት ሠላሳ ሁለት ቀን እንደሚሆን፣ የቀን መቁጠሪያ ሊቃውንቱ አስልተው ካልነገሩን በቀር ማንም እንደማይገምተው ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እናንተም የየዓመቱን የወራት ርዝመት በፕሮግራሙ ውስጥ ስትጽፉ እስካለፈው ቻይት ወር ድረስ ጽፋችሁ አቆማችሁ፤ ምክንያታችሁም «እስከዚያ አዲሱ ይደርሳል» የሚል ነበር። አዲሱ ማለት ከመሠረቱ አፍርሳችሁ ዳግመኛ እየነደፋችሁት ያለው ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ባይሳክ ገባ፣ ዘመን ተለወጠ፣ እኛ በግንባራችን ቀይ ቲካ ተቀባን፤ ማሽናችን ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ አንዲትም እናት ሳይጠራ ቁጭ አለ። ለእምነታችሁ ጽናት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ። ከሸለቆው ማዶ ኮምፒዩተር የምታስተምረው ኢንድራካላ ታፓ የጎደሉትን የአሥራ ሁለት ወራት ቁጥሮች ጽፋ ላከችላችሁ። «አሁን የምትሠሩበት የተረጋጋው ስሪት ተዘግቷል፤ እንዳይናጋ አንነካውም፤ ወደ አዲሱ ውሰጂው» አላችኋት። ወደ አዲሱ ወሰደችው። «የቀን መቁጠሪያው ክፍል ገና እየተነደፈ ነው፤ እስክንስማማ ጠብቂ» ተባለች። ስለ ንድፉ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ተቀምጬ አነበብኩ፤ የአዝራሮቹ ጥግ ክብ ይሁን ሹል በሚለው ክርክር ብቻ በቆሎ ተዘርቶ ይደርሳል። አሮጌውን ስትጠግኑ ከኖራችሁ አዲሱ መቼም እንደማያልቅ አይጠፋኝም፤ ድካማችሁም ይገባኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር፤ የብብቱ የሌላ ሰው ሲሆን ግን መጣሉ እንዴት እንደሚቀል ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ክቡር ሰብሳቢው ኑቼ ዳይ ደግሞ «የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ያልተመቸው ራሱ ያስተካክል» ብለው በትሕትና መልሰዋል። ዕድሜ ይስጥዎ፣ ታላቅ ወንድሜ። ኢንድራካላ አስተካክላዋለች። ነገር ግን የበላይ መሥሪያ ቤታችን የጉባኤያችሁ ማኅተም የሌለበትን ስሪት በማሽናችን አያስጭነንም፤ ማኅተሙም ያለው በእናንተ እጅ ነው።

ሦስተኛ። ራስሽ ደውለሽ ጥሪያቸው ትሉኝ ይሆናል። ደወልኩ። ማንኩማሪ ፑን ከላይኛው ጋራ ላይ የምትኖር የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ናት፤ ባሏ ኳታር ነው። በቻይት ስትመጣ የደም ግፊቷ ስላስደነገጠኝ በባይሳክ አጋማሽ እንድትመለስ ቀጠርኳት፤ ቀረች። በእኛ አገር ምራት በኩትኳቶ ወቅት ከቤት የምትወጣው ስትጠራ ነውና፣ የስልኩ መልእክት የይለፍ ወረቀቷ ነው። አማቷ ስልኩን አንስተው እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺማ የአገሯ ልጅ ነሽ፣ ታዝኚላታለሽ። እረፍት አምሯት አስደውላሽ ነው አይደል? እኔ አምስት ስወልድ ማን ጠራኝ? ማሽኑ ይጥራትና በዚያው ሰዓት እለቃታለሁ። ማሽን ዘመድ የለውም!» እኔ እንዳልወጣ ደግሞ በኬላው ውስጥ ከእኔ ሌላ አዋላጅ የለም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ግን በማን ላይ? ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። እናንተ በነጻ ትደክማላችሁ፣ ኢንድራካላ የምትችለውን አድርጋለች፣ የማንኩማሪ አማትም ማሽኑ በጠራ ቁጥር ልከዋታል። እኔ በመስኮቱ ሽቅብ መንገዱን አያለሁ። ፈርቻለሁ። የምለምናችሁ አሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው።

የአዝራራችሁ ጥግ ቢከብም ቢሾልም በደስታ የምትቀበል፣ በእናንተ ዘንድ ገና አምና ላይ ያለች፣ ውለታችሁ የከበዳት ታዛዣችሁ፣

ቢንዱ ራና
አዋላጅ ነርስ፣ ቱሎዳንዳ ጤና ኬላ
ጄት ወር (ባይሳክ አልቆ የገባው፣ እናንተ ገና ያልደረሳችሁበት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው፣ የፈራሁት የደም ግፊት ማንኩማሪን እያንቀጠቀጣት፣ ራሷን ስታ በቅርጫት ተሸክመው አወረዷት። ያለኝን መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ከተማው ሆስፒታል አሳለፍኳት። የችግር ማመልከቻ ቅጻችሁ «ችግሩ እስኪፈታ ሌላ ማለፊያ መንገድ አለ ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ በእውነት ሞልቼዋለሁ፦ «አለ። ቅርጫትና እየተፈራረቁ የሚሸከሙ ጎረቤቶች። ተመልሳ ከመጣች መሥራቱን እጽፍላችኋለሁ።»