ከመኪናው የወረደችው ልጅ

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ያቺ ጎረቤትሽ አሁንም ቴሌቪዥኗን እያስጮኸች ታስቸግርሻለች? በስልክ ብነግርሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የቢሮአችን ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ሥራ የያዝኩ መስዬ ነው የተቀመጥኩት።

የኩባንያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሳምንት ድንገት ተባረረ። የተላከልን ኢሜይል «የድርጅቱን መመሪያ በመጣሱ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለውም። ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ ካገኘ ይሞላዋል። አንዱ የሶፍትዌር ምስጢር ሸጦ ነው አለ፣ ሌላው ከባለአክሲዮኖቹ ተጣልቶ ነው አለ። ከትናንት ወዲህ ግን ሁሉም በሴት ተስማምተዋል። ጥበቃው የድርጅታችንን ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ ከመኪናው ስትወርድ አይቷል፤ ዝናብ ስለነበር ፊቷን ጃንጥላው ከለለው።

እማዬ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ቶሎ አትደንግጪ። ሰውየውም በቤታችን ስሙን እንዳላነሳ የከለከልሽኝ ሰው ነው፤ አባቴ ነው።

እዚህ መሆኑን አውቄ ነው ያመለከትኩት፤ ፈተናውን ግን በራሴ ነው ያለፍኩት። የአያቴን ስም ስለያዝኩ ማንም አልጠረጠረም። አንድ ቀን ቢሮው ገብቼ ማን መሆኔን ነገርኩት። በሩን ዘጋና «እናትሽ ደህና ናት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይሸኘኝ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አንቺ ነው የሚጠይቀኝ።

መመሪያው ኃላፊ ከበታቹ ጋር ያለውን ፍቅርም ሆነ ዝምድና እንዳይደብቅ ይከለክላል። ሠራተኛዋ ዘመዱ ከሆነች እሷም አብራ ትባረራለች። ስለዚህ ቦርዱ ልጅቷ ማን ናት ብሎ ሲያፋጥጠው «የግል ጉዳዬ ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ደወለልኝ።

«ሥራሽን ሥሪ። ማንም ቢጠይቅሽ አታውቂኝም።»

እሱን አለማወቁንማ ከልጅነቴ ጀምሮ ሠልጥኜበታለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ምሳ ላይ ሁሉንም ይሰማል። ትናንት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ «ያቺ ባለጌ» እያለች ከመኪናው የወረደችውን ልጅ ስትሰድብ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺስ ማን ትመስልሻለች?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ዳቦዬን በውኃ አወራረድኩ። የአባቴ ሚስት ልጆቿን ይዛ ከቤት ወጥታለች አሉ። አንዲት ቃል ብናገር ትመለስ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሥራ እወጣለሁ፣ ያንቺም ሕክምና ይቋረጣል። ዝም ብዬ ሥራ ብለቅ ደግሞ ለካ እሷ ነበረች ይሉኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልቻለም።

የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ብቀር ይጠረጥሩኛልና ልሂድ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለእኔ ብሎ ያቆይሽ።

ስወለድ ልጄ አይደለችም ብሎ እንደካደኝ ነግረሽኛል። አሁንም ካደኝ፣ እማዬ፤ የአሁኑ ግን ለእኔ ብሎ ነው።

ልጅሽ