በእማዬ ልደት ላይ የጸደቀው ሕግ

ይድረስ በግሪንላንድ በረዶ መሃል ለሚፈርደው ለወንድሜ ለአክሰል፦

አፍንጫህ ሳይቀዘቅዝ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ደህና ነን።

የእማዬን ሰማንያኛ ልደት አከበርን። ለልደት እንደምናደርገው ባንዲራው ደጃፍ ላይ ተሰቀለ። አጎታችን ፕሬበንም እንደ ልማዱ ለእማዬ የገጠመውን ማለቂያ የሌለው ዘፈን አዘፈነን፤ እሷም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ የአገር ጉዳይ ተነሣ። በልጄ በትሮልስ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ ለፍቅረኛዋ ብቻ ብላ የላከችው የገበና ፎቶ በየስልኩ ዞሮ ነበር። ፕሬበን ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ያስተላለፈ ሁሉ እስር ቤት! ልጅ ነኝ ማለት አያድንም! ሕጉ የወጣው ልጆችን ለመጠበቅ ነው!»

«እያሰርክ ነው የምትጠብቃቸው?» አለችው እማዬ። «ያልበሰለ ልጅንና አዋቂ ወንጀለኛን በአንድ በረት ልታጉር ነው? ይልቅ ልጅቷ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን በአፉ ይናገር፤ ያኔ እስር ቤቱ ራሱ ይናፍቀዋል!»

ጉባኤው በጭብጨባ አጸደቀ። ትሮልስ ብቻ ኬኩን ሳይጨርስ ሳህን ሊያጥብ ተነሣ። በዕድሜው ማንኪያ እንኳ አጥቦ የማያውቅ ልጅ! ጉልምስና ይሉሃል ይህ ነው።

ለወሬ ያህል ልጠይቅህ፦ ሕጉ ፎቶውን ለአንድ ጓደኛው ብቻ ልኮ፣ ወዲያው ተጸጽቶ ያጠፋውን ልጅ ከሌሎቹ ይለየዋል? የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።

ሐሙስ አንዲት ፖሊስ የነትሮልስን ክፍል ተማሪዎች ልታነጋግር ትመጣለች። እኛን አይመለከትም፤ መልስህ ግን ከረቡዕ አይለፍ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ትሮልስም «ለተከበሩት ዳኛ አጎቴ ጥልቅ ሰላምታዬ ይድረስ» ብሏል፤ እስከ ትናንት «አክሰል» ብቻ ነበርክ።

እህትህ ቢርተ